ከክር ወደ ሸክላ የተሸጋገረው ዜማ

አማርኛ በመማር ላይ ያለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «ሸክላ» የሚለውን ቃል ቢፈልግ፣ ከጭቃ ተሠርቶ በእሳት የሚተኰስ ዕቃ ማለት መሆኑን ያገኛል። እንስራ ሸክላ ነው፤ ጀበና ሸክላ ነው፤ ምጣድም ሸክላ ነው። ነገር ግን በዕድሜ የገፉ አንድ ሰው «በወጣትነቴ ብዙ ሸክላ ነበረኝ» ብለው ቢያጫውቱት፣ ስለ ጀበና መናገራቸው አይደለም። ዘፈን የተቀረጸበትን፣ በግራማፎን ላይ የሚሽከረከረውን ያን ጥቁርና ክብ ነገር ማለታቸው ነው። ስለዚህ ገበያ ወጥቶ «ሸክላ ስጡኝ» የሚል ጀማሪ፣ የቡና ማፍያ ይዞ ወደ ቤቱ ቢመለስ ማንንም ሊወቅስ አይገባውም።

ስሙ ያለ ነገር አልተሰጠውም። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ብዙዎቹ የዘፈን ሸክላዎች የሚሠሩት በእስያ አገሮች በዛፍ ላይ የሚኖር አንድ ትንሽ ነፍሳት ከሚያመነጨው ሙጫ ከደቀቀ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ነበር። ይህ ዐይነቱ ሸክላ ከእጅ ካመለጠ እንደ እንስራ ይንኰታኰታል። ከ1948 በኋላ ግን «ቪኒል» በሚባል ፕላስቲክ የተሠራውና ረዥም ሰዓት የሚያጫውተው ሸክላ መጣ። አዲሱ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም፤ ሆኖም አማርኛ የቀድሞውን ስም አላነሣበትም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ከዚያም በ1963 ካሴት ለዓለም ገበያ ቀረበ። በካሴቱ ውስጥ የሚጠቀለለውን ቀጭን ጥብጣብ ሕዝቡ «ክር» አለው። በኢትዮጵያ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክሩ ሸክላውን ከገበያ አስወጣው፤ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በመንገድም አይሰበርም። ከሸክላ ወደ ክር የሄደው ዘፈን እጅግ ብዙ ነው። ከክር ወደ ሸክላ የሄደው ግን ጥቂት ነው፤ ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ጥቂቱ ነው።

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ለሚሠራ ሹም ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ድንበሩን ተንተርሳ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ገበያ ይሰሙባታል። ሁለቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 2020 የጋራውን የድንበር መፈተሻ ጣቢያ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ ዕቃ በአንድ ቦታ ተመዝግቦ ያልፋል። ዜማ ግን በመዝገብ ሳይገባ ሲያልፍ ኖሯል። በጭነት መኪና ሾፌር ካሴትም ይሁን በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ በተቀመጠ ሸክላ፣ የአንዱ አገር ዘፈን ከሌላው አገር ቤት ይገባል። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ከተማ ሲለቅ ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ ጋር በሣጥን ተጭኖ ለገበያ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሣጥን ከፍቶ የሚያየው ሰው ፊደል ማንበብ መቻሉና አለመቻሉ ምን ያኽል ለውጥ እንደሚያመጣ ከዚህ ቀጥሎ ካለው ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ታሪኩ የሚጀምረው በጣና ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳር ከተማ ነው። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ፣ ጋና ሳለ የአፍሪካን ካሴቶች መሰብሰብ ጀምሮ ነበርና፣ ወደ ኢትዮጵያም በመጣ ጊዜ እንደ ልማዱ የካሴት ሱቆችን ይዞር ጀመር። በባሕር ዳር ካገኛቸው ካሴቶች አንዱ የአቶ ኃይሉ መርጊያ ሥራ ነበር። ዘፋኝ የለበትም። አኮርዲዮን የቈየውን የአገር ቤት ዜማ ቀስ እያለ ይጫወታል፤ ከሥሩ ከበሮ መቺ በሌለበት የሚመታ የኤሌክትሪክ ከበሮ እንደ ሰዓት ቈጣሪ ሳያዛንፍ ይሄዳል፤ በመካከሉ ደግሞ ከየትኛው መሣሪያ እንደሚወጣ ለማያውቅ ሰው እንደ ዋሽንትም እንደ ሰው ጕሮሮም የሚመስል ድምፅ እየተጠማዘዘ ያልፋል። አሮጌ ነው እንዳይሉት አዲስ ነው፤ አዲስ ነው እንዳይሉት አያት የሚያውቀው ዜማ ነው።

እዚህ ላይ «አገኘ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ካሴቱ ለሻጩ የተሰወረ አልነበረም፤ በ1985 በወጣ ጊዜ በኢትዮጵያ ተሸጦ፣ በየቤቱና በየመኪናው ተሰምቶ ነበር። እንግዳው ሰው ያገኘው፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ያቈየውን ነው። ስለዚህ ከምስጋናው እኩሌታው ካሴቱን ሳይጥል ላኖረው ነጋዴ ቢሰጥ ትክክል ይመስለናል።

አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በአዲስ አበባ ነው። አኮርዲዮን የተማሩት ገና በልጅነታቸው ነበር። ኋላም ኦርጋንና ሌሎችም የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በመጡ ጊዜ ወደ እነርሱ ተሻግረው በዋልያስ ባንድ ውስጥ ዝነኛ ሆኑ። ዋልያስ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለረዥም ጊዜ ተጫውቷል። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ስለ ነበር፣ ለዳንስ የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ አይወጣም፤ ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወታሉ። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በሚመረመርበት በዚያ ጊዜ ባንዱ በ1977 ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማ «ቼ በለው» የተባለ ሸክላ አወጣ። አቶ ግርማ በየነ የደረሱት «ሙዚቃዊ ሥልት» የሚገኘው በዚሁ ሸክላ ላይ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ለጨዋታ ሄደ። ጕዞው ሲያበቃ ከአባላቱ ከፊሉ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከፊሉ እዚያው ቀሩ። አቶ ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነበሩ። በዋሽንግተን ተቀምጠው በሐዋርድ ዩኒቨርስቲ ሙዚቃ ተማሩ። በ1985 ደግሞ የልጅነታቸው አኮርዲዮን ናፈቃቸው። አኮርዲዮኑን ከሳጥኑ አውጥተው ብቻውን ቢጫወቱት ኖሮ ሥራቸው ትዝታ ብቻ በሆነ ነበር፤ እርሳቸው ግን በዚያ ዘመን አዳዲስ ከነበሩት የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አጋቡት።

መሣሪያዎቹ ምን ምን እንደሆኑና እንዴት እንደሚሠሩ እናስረዳ። አኮርዲዮን በሆዱ ወናፍ አለው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሲዘረጋና ሲጨመቅ የሚወጣው አየር ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ያንቀጠቅጣል። ድምፁ ከትንፋሽ የመጣ ስለሆነ ሰው ሰው ይላል። «ሮድስ» የሚባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ደግሞ ትንንሽ መዶሻዎች አሉት፤ መዶሻው ቀጭን የብረት ዘንግ ሲመታ፣ በአጠገቡ ያለው ማግኔትና ሽቦ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ወደ ድምፅ ማጕያ ይልከዋል። ከደወል ጋር የሚመሳሰል ለስላሳ ድምፅ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው «ሙግ» ነው። ሮበርት ሙግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከ1964 ጀምሮ ያዳበረው ይህ ሲንተሳይዘር ወናፍም፣ ምላስም፣ መዶሻም የለውም። በውስጡ የሚወዛወዘው ኤሌክትሪክ ራሱ የድምፁ ምንጭ ነው፤ ተጫዋቹ ማዞሪያውን እየነካ ድምፁን ያወፍረዋል፣ ያቀጥነዋል፣ ያጥፈዋል። አራተኛው ከበሮ የሚመታው መኪና ነው። አቶ ኃይሉ እነዚህን ሁሉ ብቻቸውን እየተጫወቱ፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እያነባበሩ ቀረጹ።

ለቋንቋ ተማሪ የሚጠቅም ነገር በካሴቱ ላይ አለ። ከዜማዎቹ አንዱ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። «ሸሞንሟና» ማለት ለስለስ ያለች፣ አረማመዷና አነጋገሯ የሚያምር ውብ ናት፤ በመጨረሻው «ዬ» ሲጨመርበት «የእኔ» የሚል የፍቅር መጥሪያ ይሆናል። ሌላው «አምባሰል» ነው። አምባሰል በወሎ የሚገኝ ተራራማ አገር ስም ነው፤ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች የአንዱም ስም እርሱ ነው። ሦስቱ ትዝታ፣ ባቲና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ በእነዚህ አምስት ድምፆች ነው እንግዲህ ክራሩም፣ መሲንቆውም፣ የአቶ ኃይሉም ሲንተሳይዘር የሚናገረው።

አንዳንድ ሰው «የኤሌክትሪክ ድምፅና የአገር ባህል ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከሚጠበቀው ይልቅ የቈየ ነው። በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብፃዊ ወጣት፣ ትምህርቱ የእርሻ ምሕንድስና የሆነ፣ ከካይሮ የራዲዮ ጣቢያ በብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ ከባድ መኪና ተውሶ ሴቶች ወደሚያደርጉት የዛር ሥርዓት ሄደ። ዛር ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ከቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ የተስፋፋውን ይህን ልማድ ብዙ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ እንደ ተነሣ አድርገው ይጽፋሉ። ወጣቱ የሴቶቹን ዜማ ከቀረጸ በኋላ በራዲዮ ጣቢያው ክፍል ውስጥ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ፣ የገደል ማሚቶ እየጨመረ፣ የዘፋኞቹ ቃል ጠፍቶ ጥላው ብቻ እስኪቀር ድረስ ለወጠው። በፓሪስ ፒዬር ሼፈር የተባለው የራዲዮ ሰው በ1948 ዝነኛ የሆነበትን ዐይነት ሥራ፣ ካይሮ ከአራት ዓመት አስቀድማ ሰምታው ነበር ማለት ነው።

ሐሊም ኤል ዳብ ኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በኒው ዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርስቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠሩ። በዚያ ያዘጋጁት «ሌይላና ባለቅኔው» የተሰኘው ሥራ በ1964 ከሌሎች ደራስያን ሥራዎች ጋር በአንድ ሸክላ ታተመ። ሸክላው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ቢሆንም የሚያውቁት አጥብቀው ይፈልጉታል። ለእኛ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን እኚህ ሰው ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ያስተምሩ የነበሩ መሆናቸው ነው። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ፤ ክራርን፣ በገናን፣ መሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ እምቢልታንና ከበሮን፣ እያንዳንዱ በየአገሩ ለብቻው ይጫወት የነበረውን፣ በአንድ መድረክ አሰለፏቸው። ከኤሌክትሪኩ ክፍል የወጡ ሰው አዲስ አበባ ሲደርሱ የመረጡት በገናን መሆኑ፣ አሮጌውና አዲሱ ጠላቶች እንዳልነበሩ ከብዙ ክርክር ይልቅ ያስረዳል። አቶ ኃይሉ ሃያ ዓመት ያኽል ዘግይተው ከዋሽንግተን ያደረጉት ተመሳሳይ ነው፤ እርሳቸው ግን የተነሡት ከሌላው ጫፍ ነበር።

ወደ ካሴቱ እንመለስ። አሜሪካዊው ሰብሳቢ ካሴቱን ገልብጦ መሸጥ ይችል ነበር። ብዙዎች እንዲሁ አድርገዋል፤ የአፍሪካ ዘፈን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በውጭ አገር ታትሞ ሲሸጥ መኖሩ የታወቀ ነው። እርሱ ግን ከካሴቱ ላይ ያለውን ስም ይዞ ሰውዬውን ፈለገና ስልክ ደወለላቸው። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዱ ነበር የሚኖሩት። ሙዚቃ ከሕዝብ ፊት መጫወት ከተዉ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ቢሆንም ትንሽ ኪቦርድ በታክሲያቸው ውስጥ ይዘው፣ አንዱ ተሳፋሪ ወርዶ ሌላው እስኪመጣ ባለው ጊዜ ይለማመዱ ነበር።

ውሉ ቀላል ነበር። ሰብሳቢው «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው ማተሚያው አማካይነት ሥራውን ያሳትማል፤ ከሚገኘው ትርፍ እኩሌታው የሙዚቀኛው ይሆናል። በ2013 ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ የካሴቱ ዜማ በቪኒል ሸክላ ወጣ። የወረቀት ሽፋኑ ላይ የባለቤቱ ስም አለ፤ በተለያዩ አገሮች ያሉ ጋዜጦችም ስለ እርሳቸው ጻፉ። ቀጥሎ «ቼ በለው» በ2014፣ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠሩት «ወደ ሐረር ጕዞ» በ2016 እንደ ገና ታተሙ። ታክሲ ነጂው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ተጠርተው ተጫወቱ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን ፈጽሞ አዲስ ሥራቸውን አወጡ። አንድ ስልክ ባይደወል ኖሮ ሸክላው ሊታተም በቻለ፤ ሰውዬው ግን የራሳቸውን ዜማ ከተሳፋሪ ራዲዮ ይሰሙት ነበር።

ስለ ፈቃድ ካነሣን፣ በኢትዮጵያ ሸክላ ማሳተም ራሱ በፈቃድ የተያዘ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አቶ አምኃ እሸቴ የተባሉት ወጣት ነጋዴ ይህን አልፈው በ1969 የአቶ ዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተሙ። በኢትዮጵያ የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ ስላልነበረ ቅጂው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። እስከ 1975 ድረስ የአምኃ ሪከርድስ ያወጣው ሸክላ ከመቶ በላይ ነው። ዛሬ የደራሲውና የተጫዋቹ መብት በኢትዮጵያ በ2004 በወጣው በአዋጅ ቍጥር 410/1996 ይጠበቃል፤ በኬንያም በ2001 የወጣ የቅጂ መብት ሕግ አለ።

በሞያሌ አማርኛ የሚማር ሹም፣ በገበያም ይሁን በጎረቤት ቤት አሮጌ ሸክላ ወይም ካሴት ቢያጋጥመው፣ በመካከሉ ባለው ክብ ወረቀት ወይም በሽፋኑ ላይ የሚከተሉትን ቃላት ይፈልግ። «ድምፃዊ» የዘፈነው ሰው ነው። «ግጥም» ከሚለው ቀጥሎ የቃሉ ደራሲ፣ «ዜማ» ከሚለው ቀጥሎ የዜማው ደራሲ ይጻፋል። «ቅንብር» መሣሪያዎቹን ያስማማውን ሰው፣ «አጃቢ» ባንዱን፣ «አሳታሚ» ገንዘብ አውጥቶ ያሳተመውን ያመለክታል። ስም ሲያነብም ይጠንቀቅ። በኢትዮጵያ የቤተ ሰብ ስም የሚባል የለም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። «አቶ ኃይሉ» ብሎ የጠራ በትክክል ጠራ፤ «አቶ መርጊያ» ያለ ግን አባታቸውን ነው የጠራው። በመዝገብ ሲፈልግም ከመጀመሪያው ስም ይጀምር። በውጭ አገር መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ የአባት ስም ስለሚቀድም በሁለቱም መንገድ መሞከር አይከፋም።

ሸክላ ላላቸው ቤተ ሰቦች ደግሞ ጥቂት ምክር እንጨምር። እንደ ሞያሌ ባለ ሞቃት አገር የቪኒል ሸክላ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው፤ በመስኮት አጠገብ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ሸክላ እንደ ቅጠል ይጣመማል፣ ከተጣመመም ማቃናቱ ያስቸግራል። ሸክላዎችን እንደ መጻሕፍት ማቆም እንጂ እንደ እንጀራ መደራረብ አይገባም። ሲይዙትም ከጠርዙና ከመካከሉ ወረቀት እንጂ ቀጭኑን መስመር በጣት መንካት ክፉ ነው፤ የእጅ ቅባት አቧራ ይይዛል፣ አቧራውም በመርፌው ሲፈጭ ድምፁን ያሻክራል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረውን አሮጌውንና ተሰባሪውን ሸክላ በአልኮል ማጽዳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟልና። ለስላሳና ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ካሴትም ከድምፅ ማጕያና ማግኔት ካለበት ዕቃ ሁሉ ርቆ ይቀመጥ። ብዙ ዓመት ያልተነካ ካሴት በድንገት ወደ ማጫወቻው ቢገባ ክሩ ሊጣበቅና ሊበጠስ ስለሚችል፣ አስቀድሞ እርሳስ በጥርሱ ውስጥ አስገብቶ ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር በእጅ ማዞር ይሻላል።